በር ላይ የተለጠፈ ቃል

እ.ኤ.አ. በ1918 መጸው፣ የኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ አሜሪካን ሲያምስ፣ የቺካጎ ቲያትር ቤቶች በራቸው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈው ነበር። ስማቸው የሰፈረበት የከተማዋ የጤና ኮሚሽነር ጆን ዲል ሮበርትሰን ናቸው። ወረቀቱ መጀመሪያ በሽታው በመላ አገሪቱ መሰራጨቱን ይናገራል፤ ቀጥሎ ቲያትር ቤቱ ከጤና መምሪያው ጋር እየተባበረ እንደሆነ ገልጾ ተመልካቹም እንዲተባበር ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጉንፋን የያዘው፣ የሚያስለውና የሚያስነጥሰው እንዳይገባ፣ ይልቁንም ቤቱ ሄዶ እስኪሻለው እንዲተኛ የሚያዘው። ማሳል ግድ የሆነበት በመሐረቡ ይሸፍን፤ ሳሉ አልቆም ካለው ደግሞ ወዲያው አዳራሹን ለቆ ይውጣ ይላል። ቅደም ተከተሉ ዛሬም የሚያስቀና ነው፦ መጀመሪያ ምክንያቱ፣ ቀጥሎ ቤቱ የሚያደርገው፣ ከዚያ ከእንግዳው የሚጠበቀው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ቲኬት ቆርጦ የገባና መሐል ላይ ሳል የያዘው ሰው ገንዘቡ ይመለስለት እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ከፍሎ ከተቀመጠበት ወንበር ለማያውቀው ሰው ጤና ብሎ የሚነሣ ደግሞ ያኔም ብዙ አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ንግድ ቤት በወረርሽኝ መሐል በሩን መልሶ ሲከፍት የሚሰቅለው ማስታወቂያ ምን ይፈይዳል? ኮቪድ-19 ይህን ጥያቄ በአንድ ጊዜ በመላው ዓለም በር ላይ አመጣው። ካፌው፣ ባንኩ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሱፐርማርኬቱ ተዘግቶ ሲከፈት ብዙ ቦታ ከወንበሮቹ አደራደር ቀድሞ ያለቀው ስቲከሩ ነበር። ሥራ የቀዘቀዘባቸው ማተሚያ ቤቶች እንኳ በዚህ ትንሽ ቀና ብለዋል። ግርግሩ ካለፈ በኋላ ከየአገሩ የቀረውን ልምድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ አብዛኛው ማስታወቂያ ደንበኛውን አዘዘ እንጂ ባለቤቱን አላስገደደም። ሥራ የሠራው ደግሞ ባለቤቱን ያስገደደው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የብሪታንያ መንግሥት በግንቦት 2020 ያወጣው ባለ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። ዲዛይኑ ደረቅ ነው፤ ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል። አምስት ነጥቦች ተዘርዝረውበታል። የሥራ ቦታው የስጋት ግምገማ አድርጎ ውጤቱን ለሠራተኞቹ አካፍሏል፤ የጽዳትና የእጅ መታጠብ አሠራሩን አጠናክሯል፤ ከቤት መሥራት የሚችሉት ቤታቸው እንዲሠሩ አመቻችቷል፤ የ2 ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ አድርጓል፤ ርቀቱ በማይቻልበት ቦታ መተላለፉን ለመቀነስ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ዋናው ነገር ግን ከታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። አሠሪው ይፈርምበታል፣ ቀን ይጽፍበታል፣ ቅሬታ ያለው ሰው ማንን እንደሚያነጋግር ያሳያል፤ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስልክም አብሮ ታትሟል። ይህን ወረቀት መስኮቱ ላይ የለጠፈ ሱቅ ራሱን ለከሳሽ አሳልፎ ሰጥቷል። ያው የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ወር “ቤት ቆዩ” የሚለውን መፈክር በ“ንቁ ሁኑ” ቀይሮ፣ ቀዩን ጠርዝ አረንጓዴ አድርጎ ሲያወጣ ግን ስኮትላንድና ዌልስ አልተከተሉትም። ንቁ ሆኖ ምን ማድረግ እንዳለበት ሰዉ አልገባውማ። መፈክሩና ያ ደረቅ ወረቀት ከአንድ መንግሥት ቤት የወጡ ናቸው ብሎ ለማመን ይከብዳል።

ሌሎች አገሮች ማኅተም ወይም ምልክት መረጡ። ሲንጋፖር “ኤስጂ ክሊን” የተባለውን ምልክት ያወጣችው ገና በየካቲት 2020 ነው። ፖርቱጋል በሚያዝያ “ክሊን ኤንድ ሴፍ” አለች፤ ዱባይ “ዱባይ አሹርድ” አለች። እስራኤል ደግሞ “ሐምራዊ መለያ” በሚባለው ደንብ ንግድ ቤቶችን ቃል አስገብታ ከፈተች፤ ባለቤቱ መግለጫ ፈርሞ፣ ስንት ሰው ብቻ እንደሚገባ የሚናገር ምልክት በሩ ላይ ይሰቅል ነበር። ሁሉም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው “ማን አረጋገጠ?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ጥርት አድርጋ የመለሰችው ጃፓን ናት፤ ሁለቱንም መልስ ጎን ለጎን ሞክራለችና። የቶኪዮ አስተዳደር በ2020 ክረምት ለምግብ ቤቶችና ለመዝናኛ ቤቶች ባለ ቀስተ ደመና ስቲከር አዘጋጀ። ባለቤቱ ኢንተርኔት ላይ ጥያቄዎቹን “አዎ፣ አዎ” እያለ ይመልሳል፣ ከዚያ አትሞ ይለጥፋል። መጥቶ የሚያይ የለም። ብዙም ሳይቆይ ስቲከሩን በለጠፈ ምግብ ቤት ውስጥ በሽታው ተዛመተና ዜና ሆነ። ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ ያለችው የያማናሺ ክፍለ ግዛት በዚያው ክረምት ሌላ መንገድ ያዘች። ተቆጣጣሪዎቿ በየምግብ ቤቱና በየሆቴሉ በአካል እየሄዱ የጠረጴዛውን ርቀት፣ የመከለያውን ከፍታ፣ የአየር ማስገቢያውን ሁኔታ ያያሉ፤ የጎደለ ካለ ይነግራሉ፣ ተመልሰው መጥተው ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ ምልክቱን ይሰጣሉ። አድካሚና ወጪ ያለበት ሥራ ነው። በ2021 የጃፓን ማዕከላዊ መንግሥት ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች እንዲከተሉት የጠየቀው ግን ይህንኑ አሠራር ነው።

ነገሩ ከኮቪድም ይቀድማል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ምግብ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የጽዳት ውጤታቸውን የሚያሳይ ካርድ መግቢያቸው ላይ ይሰቅላሉ፦ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ። መነሻው በኅዳር 1997 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በድብቅ ካሜራ የወጥ ቤቶችን ጉድ ማሳየቱ ነበር። በ2003 የወጣ የጂንና የሌስሊ ጥናት ካርዱ ምግብ ቤቶችን አንጽቷል፣ ከምግብ በሚመጣ በሽታ ሆስፒታል የሚገባውንም ሰው በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል አለ። ይህ ቁጥር ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። በ2019 ግን ዳንኤል ሆና ባልደረቦቹ መረጃውን መልሰው ሲመረምሩ፣ ቅናሽ መስሎ የታየው ከካርዱ በፊት በደቡብ ካሊፎርኒያ ተከስቶ በነበረ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ የመጣ እንደሆነ አሳዩ። ወረርሽኙ በራሱ ሲበርድ ምስጋናውን ካርዱ ወሰደው ማለት ነው። ማስታወቂያ ሰውን አዳነ የሚል ወሬ ስሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ክርክር ነው። ካርዱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ በየጊዜው የሚፈትሸው ካርድ ቢያንስ ወጥ ቤቱን እንዲጸዳ ያስገድዳል። ሆስፒታሉ ድረስ ያለውን ውጤት ግን በቀላሉ ቃል መግባት አይቻልም።

ማስታወቂያው እውነት ቢናገርስ፣ ስለ ትክክለኛው ነገር ነው ወይ የሚናገረው? እዚህ ላይ የኮቪድ ዘመን ስቲከሮች ታሪክ ያሳዝናል። “ይህ ቤት በየቀኑ በፀረ ጀርም መድኃኒት ይታጠባል” የሚለው ጽሑፍ ከሆቴል ክፍል እስከ አውሮፕላን መቀመጫ ድረስ ገባ። ጋዜጠኛው ዴሪክ ቶምሰን ገና በሐምሌ 2020 “አትላንቲክ” መጽሔት ላይ ይህን የጽዳት ትርኢት ብሎ ተቸው። በሚያዝያ 2021 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የተበከለ ዕቃ ነክቶ በበሽታው የመያዝ ዕድል በአጠቃላይ ከ10 ሺህ አንድ እንደማይሞላ ጻፈ። ቫይረሱ የሚመጣው በአብዛኛው በአየር ነበር። ስለ አየር የሚናገር ስቲከር ግን ከስንት አንድ ነው የነበረው፤ መስኮት መከፈቱ ፎቶ አይወጣለትማ። የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ያምራል።

አሁንም ጃፓን ቀደመች። በመጋቢት 2020 ሕዝቡ ከሦስት ነገሮች እንዲርቅ ፖስተር አወጣች፦ ከታፈነ ቦታ፣ ከተጨናነቀ ቦታ፣ ፊት ለፊት ተቀራርቦ ከማውራት። ሦስት ክቦች ተደራርበው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አደጋው ይብሳል የሚለው ሥዕል ለሕፃንም ይገባል። ቤልጂየም ደግሞ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ምግብ ቤቶችና ስፖርት ቤቶች የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ሰው በሚያየው ቦታ እንዲያስቀምጡ አስገደደች። ሰው የሚተነፍሰው አየር ሲጠራቀም ቁጥሩ ይወጣል፤ መስኮት ሲከፈት ይወርዳል። ከሚሊዮን 900 እጅ ካለፈ ቤቱ መላ ሊፈልግ ይገባው ነበር። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የተሻለው “ማስታወቂያ” ይህ ነው። ባለቤቱ የፈለገውን ቢጽፍ ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አይታዘዝለትም፤ ደንበኛውም አይቶ መቀመጥ ወይም መሄድ ይችላል።

ሰው ማስታወቂያ አንብቦ ምን ያደርጋል የሚለው ለብቻው የተጠና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ መጸዳጃ ቤቶች በር ላይ የተለያዩ መልእክቶችን በኤሌክትሪክ ሰሌዳ እያፈራረቀ፣ ሳሙና የተጠቀመውን በሴንሰር ቆጠረ፤ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ አጠቃቀም ተመዘገበ። በጥቅሉ በሳሙና የታጠበው ከወንዶች 32 በመቶ፣ ከሴቶች 64 በመቶ ነበር። ከመልእክቶቹ መካከል ጎልቶ የሠራው ስለ ጀርም የሚያስተምረው ሳይሆን አጠገብህ ያለው ሰው በሳሙና እየታጠበ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እንግሊዞችም ያውቁታል። በ2011 ግራንትና ሆፍማን በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ባደረጉት ሙከራ ደግሞ፣ እጅ መታጠብ አንተን ከበሽታ ይጠብቅሃል የሚለው ጽሑፍ የሐኪሞቹንና የነርሶቹን ልማድ አልቀየረም፤ በሽተኛውን ይጠብቃል የሚለው ግን ቀየረ።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የባንግላዴሽ ነው። ተመራማሪዎች በሁለት የገጠር ትምህርት ቤቶች ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ መታጠቢያው መንገድ ሠሩ፤ መንገዱ ላይ ደማቅ የእግር ኮቴ፣ መታጠቢያው ላይ የእጅ መዳፍ ቀቡ። ፊደል የለም፣ ትምህርት የለም፣ ቁጣ የለም። ከዚያ በፊት ከመጸዳጃ ወጥተው በሳሙና የሚታጠቡት ልጆች 4 በመቶ ነበሩ። ቀለሙ ባለቀ ማግስት 68 በመቶ ሆኑ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም 74 በመቶ። ያስተውሉ፣ ቀለሙ ብቻውን አይደለም። ውሃውና ሳሙናው መጀመሪያ ተቀምጦ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ አዲስ አበባ ይመልሰናል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ አዋጁ ካበቃ በኋላ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ተከተለ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ማስክ ግዴታ ሆነ፤ ርቀቱ “ሁለት የአዋቂ እርምጃ” ተባለ። ይህ አገላለጽ ከ“2 ሜትር” ይሻላል፤ ሜትር ይዞ የሚሄድ የለም፣ እግር ግን ሁሉም አለው። 8335 ደውሎ መጠየቅም ይቻል ነበር። የንግድ ቤቱ በር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከካፌዎች ደጃፍ ባለ ቧንቧ ሮቶ ወይም ባልዲ ተቀመጠ፤ ከላዩ “እባክዎ እጅዎን ይታጠቡ” የሚል ላሚኔት የተደረገ ወረቀት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ ነበረ፣ ሳሙናም በክር ታስሮ ተንጠለጠለ። ከወራት በኋላ በአንዱ ካፌ ደጅ ቆሜ ያየሁት የተለመደ ሆኖ ነበር፦ ቧንቧው ሲከፈት ይተነፍሳል እንጂ አይወርድም፣ ሳሙናው ከክሩ ተቆርጦ ወድቋል፣ ወረቀቱ ግን እንደ ጥንቱ ያብረቀርቃል። ሰዉ እጁን በደረቁ አሻሽቶ ይገባል፤ ጥበቃውም አይቶ ዝም ይላል። ሁለቱም የየድርሻቸውን ተወጥተዋል።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን ሲያጠና የኖረው አሜሪካዊው ማይክል ዎጋልተር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያደረገው ሙከራ ይህን ያስረዳል። አንድ በር ላይ ተበላሽቷልና በሌላው ተጠቀሙ የሚል ጽሑፍ ለጠፉ። ሌላው በር አጠገቡ ሲሆን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ታዘዘ። ሌላው በር ሩቅ ሲሆን ግን የታዘዘ አልተገኘም። ጽሑፉ ያው ነው፤ የተቀየረው የመታዘዙ ዋጋ ነው። ባልዲውን በየጠዋቱ የሚሞላ ሰው ያልመደበ ካፌ ወረቀቱን ባይሰቅል ይሻለው ነበር።

በኛ አገር በር ላይ እውነተኛው ምልክት ጥበቃው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሳኒታይዘር የሚረጨው፣ ሙቀት የሚለካው፣ “ማስክ ያድርጉ እማማ” የሚለው እሱ ነው። ጤና ሚኒስቴር “ማስክ ከሌለ አገልግሎት የለም” የሚል ዘመቻ ሲጀምር ሸክሙን የተሸከመው ወረቀቱ ሳይሆን ይህ ሰው ነው። የሚታወቅ ደንበኛ፣ የሰፈር ሽማግሌ ወይም መኪና ይዞ የመጣ ባለሥልጣን ሲገጥመው ምን ያድርግ? ወረቀቱ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። “እኔ አይደለሁም፣ ያው ተጽፏል” ብሎ ወደ በሩ መጠቆም ይችላል። ጥሩ የማስክ ማስታወቂያ ከደንበኛው ይልቅ ለጥበቃው የተጻፈ ነው፤ ለዚህም ነው የድርጅቱ ማኅተምና የኃላፊው ፊርማ ያስፈለገው። ያለ ፊርማ የተለጠፈ “ክልክል ነው” አጥር ላይ ከሚጻፈው የመሽናት ክልከላ እኩል ነው የሚፈራው።

ስለ ሥዕልና ስለ ፊደልም ጥቂት ልበል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የደህንነት ምልክቶች ሰማያዊ ክብ ግዴታን፣ ቀይ ክብ ከነሰያፍ መስመሩ ክልከላን፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያን፣ አረንጓዴ አራት ማዕዘን የደህንነት ቦታን ያመለክታሉ። ማስክ የማድረግ ግዴታ ስለዚህ ሰማያዊ ነው። በየሱቁ የታየው ግን ማስክ በቀይ ክብ ውስጥ ተሰርዞ “ያለ ማስክ አይገባም” ለማለት የታሰበ ሥዕል ነበር፤ ፊደል የማይቆጥር ሰው ማስክ አታድርግ ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። የአሜሪካው መለኪያ ለዚህ ነው አንድ ምልክት ከመጽደቁ በፊት ከመቶ ተፈታኝ 85ቱ እንዲረዱት፣ በአደገኛ ሁኔታ የሚሳሳቱት ደግሞ ከ5 እንዳይበልጡ የሚጠይቀው። ኒውዚላንድ በበኩሏ የአገሩ ሁሉ ማስታወቂያ በቢጫና ነጭ ሰያፍ መስመር እንዲታወቅ አደረገች፤ ሰው ጽሑፉን ሳያነብ ጉዳዩን ያውቃል። ለአማርኛ ማስታወቂያ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ፊደላችን ልዩነቱን የሚሸከመው በትንሽ እግርና በትንሽ ቀለበት ስለሆነ ከሩቅ ቶሎ ይደበዝዛል። ለላቲን ፊደል በቂ የሆነ መጠን ለእኛ ያንሳል። ባለ ስምንት መስመር ማሳሰቢያ በኤ4 ወረቀት አጭቆ መለጠፍ ለማንም አልጠቀመም።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረበት። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማዋ ዋና ዋና ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይታተማሉ፤ በግንቦት መጨረሻ 2020 ምግብ ቤቶች ደጅ ላይ ማስተናገድ ሲጀምሩ የሐበሻ ቤቶች ሁለት ዓይነት እንግዳ በአንድ በር ነበር የሚቀበሉት። ለፈረንጁ ማስክና ርቀቱ ይበቃዋል። ከአንድ ገበታ ለሚጎራረሰው ቤተሰብ ግን የመንግሥት ፖስተር ምንም አይለውም፤ ምግቡን በየሳህኑ ከፋፍሎ ማቅረብ የባለቤቱ ብልሃት ነበር። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈውን ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ የተተረጎመው ወረቀት ያልተተረጎመ ያህል ነው፤ በሬዲዮና በስልክ የሚነገረው፣ ከዚያም የልጅ ልጅ የሚነግራቸው ነው የሚደርሳቸው። ንግድ ቤቱም በር ላይ በአማርኛ የሚያናግር አንድ ሠራተኛ ቢኖረው ከአምስት ፖስተር ይበልጥ ነበር።

የቀረው የማውረዱ ጉዳይ ነው። ለመስቀል ብዙ መመሪያ ወጣ፤ ለማንሣት ግን የተመደበ ሰው አልነበረም። ማስክ ግዴታ መሆኑ ከቆመ በኋላም “ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው” የሚሉ ወረቀቶች በየበሩ ቀርተው፣ ማስክ ያላደረገው ጥበቃ ማስክ ያላደረገውን ደንበኛ ከሥራቸው ሲያስገባ ታይቷል። በዚህ ያደገ ልጅ ነገ የጋዝ ሲሊንደር አደጋ ወይም የሚያዳልጥ ወለል ምልክት ሲያይ በዚያው ዓይን ቢያየው ምን ይገርማል? መፍትሔው ውድ አይደለም። በእያንዳንዱ የጤና ማስታወቂያ ግርጌ የተለጠፈበት ቀን፣ የሚነሣበት ወይም የሚታደስበት ቀን፣ የኃላፊው ፊርማና ስልክ ይኑር። የብሪታንያው ወረቀት ከእነዚህ አብዛኞቹን ይዞ ነበር፤ የሚያበቃበት ቀን ብቻ ነው የጎደለው።